የነጭ ሽንኩርቱ ድንጋይ

ክልሉ አዲስ በነበረበት በዚያን ጊዜ አሶሳ ውስጥ ከታፔላ የሚቀድም ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ታፔላው ይሰቀላል፤ ቤቱ፣ ጠረጴዛውና ሠራተኛው ቀስ ብለው ይደርሱበታል። የማዕድን ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም እንደዚሁ ነበር። ታፔላው ከሩቅ ይነበባል፤ ከታፔላው ሥር ግን ያለው ሁለት ክፍል፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር፣ አንድ ላንድክሩዘርና አራት ሰው ብቻ ነው። ኃላፊው አቶ ዲማ ስብሰባ ይሰበስባሉ። ሱለይማን መኪና ይነዳል። ከጎጃም የተመደበው ወጣቱ የድንጋይ ባለሙያ ይልቃል መዶሻ ይዞ ይዞራል። የቀረውን ሥራ ሁሉ ብሪቱ ትሠራዋለች።

የቀረውን ሁሉ ሲባል ቀልድ አይደለም። ብሪቱ ትጠርጋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ቤተሰባቸውን ትተው ለመጡት ሠራተኞች የምሳ ሽሮ ትሠራለች፣ አቶ ዲማ መነጽራቸው ሲጠፋባቸው ከግንባራቸው ላይ ታወርድላቸዋለች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ቤተሰቦቿ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የከተሙ ናቸው፤ ምላሷ ግን የትም አልከተመም፣ ደስ ወዳለው ይሄዳል። ሦስት ዓመት እዚያ ስትሠራ አንድ ነገር ያንገበግባት ነበር። በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ስሟ የለም። በስም መቆጣጠሪያው ላይ «ጽዳት» ነች። በደብዳቤ ላይ «የጽዳት ሠራተኛዋ» ነች። በአቶ ዲማ ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ «ሻይ ቀረበ» ይላል፤ ማን እንዳቀረበው የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአሸዋ ነው። ለአዲሱ ቢሮ ግንባታ ተብሎ አንድ ገልባጭ መኪና ግቢው ውስጥ አሸዋ ደፍቶ ሄደ። ብሪቱ ከአሸዋው መሀል ጥቁር፣ ከመጠኑ በላይ የሚከብድ፣ ለመዳፏ ተለክቶ የተሠራ የሚመስል ድንጋይ አየችና አነሳችው። የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ አደረገችው። ድንጋዩ ሁለት ወር ሙሉ ለጽሕፈት ቤቱ ሽሮ ነጭ ሽንኩርት ሲደቁስ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ነው፤ በሮዙ ላይ ጥቁር ክር የመሰሉ መስመሮች ተጋድመውበታል።

ይልቃል ምሳ ደርሶ እንደሆነ ለማየት አንገቱን አስግጎ ነበር። ድንጋዩን ሲያይ ምሳውን ረሳው።

«እትዬ ብሪቱ! ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ነጭ ሽንኩርቱን ነው?»

«ድንጋዩን!»

መልስ እስክትሰጠው አልጠበቀም። ሰንጢውን አውጥቶ ሮዙን ፋቀው፤ ሰንጢው ተንሸራተተ እንጂ ድንጋዩ አልተጫረም። በባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ላይ ሲሞክረው ጠርሙሱ ተጫረ። ሮጦ ወጥቶ ከሱለይማን መኪና ባትሪ ጥቂት አሲድ ለምኖ አመጣና አንጠባጠበበት፤ ድንጋዩ ምንም አልመሰለውም። በመጨረሻ ሌላኛውን ግማሽ አነሳና፣ ብሪቱ ዓይኗን አፍጥጣ እያየችው፣ ላሰው።

«ዋቃዮ!» አለች ብሪቱ። «ሽሮው ደርሷል እኮ፣ አቶ ይልቃል! ምነው ትንሽ ቢታገሡ?»

«ሲረጥብ ቀለሙ ጎልቶ ይታያል፤ ለዚያ ነው» አለ እየተቅለሰለሰ። ምላሱ ላይ የቀረው ጣዕም ግን የነጭ ሽንኩርት ነበር። «ሮዶናይት ይባላል። ማንጋኒዝ የሚባለው ብረት ከሲሊካ ጋር ሲዋሃድ የሚሠራው ነው። ውጩን ዝናብና አየር ያጠቁረዋል፣ ውስጡ ግን እንዲህ ነው። ሮዝ ድንጋይማ ሞልቷል፤ ሮዝ እብነ በረድ አለ። እሱ ግን በሰንጢ ይጫራል፣ አሲድ ሲነካውም ይፈላል። ይሄኛው እምቢ አለ፣ አየሽው? ይሄን ያገኘ ሰው በአገሪቱ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።»

ከዚያ በኋላ አፉን የሚይዝለት ጠፋ። በወሩ መጨረሻ ዶክተር ሎዛ የሚባሉ ትልቅ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ፣ ለአገሪቱ የድንጋይ ማኅደር ከየክልሉ ናሙና እንደሚወስዱ ነገራት። እያንዳንዱ ድንጋይ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ከጎኑ ካርድ ይኖረዋል። በካርዱ ላይ የድንጋዩ ስም፣ የተገኘበት ቦታና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል፤ መቶ ዓመት ቢያልፍም አይነሳም።

ብሪቱ ጆሮዋን አቆመች። «ሰብሳቢ ማለት ማን ነው?»

«ድንጋዩን ያነሳው ሰው ነዋ» አለ ይልቃል፣ ሳያስብበት።

ያን ቀን ብሪቱ ሻይ ውስጥ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመረች። አዲስ አበባ፣ መስታወት ውስጥ፣ ብሪቱ ተብሎ ሊጻፍ ነው! እናቷ አትሰማ፣ አባቷ አይሰማ፤ ሁለቱም ከሞቱ ቆይተዋል። እሷ ግን ትሰማለች፣ እሱ በቂ ነው። በሕይወቷ እንደዚያ አጥብቃ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት የይልቃልን ጠረጴዛ ስትወለውል ካርዱን አገኘችው። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ነው እንጂ ብሪቱ በማታ ትምህርት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። አነበበችው። የድንጋዩ ስም፦ ሮዶናይት። ሰብሳቢ፦ ይልቃል። ከእነ አባቱና ከእነ አያቱ ተጽፏል፣ በሚያምር ጽሕፈት። የተገኘበት ቦታ የሚለው ብቻ ባዶ ነው።

ደሟ ፈላ። ካርዱን ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ልትከተው እጇ ተዘርግቶ ነበር። ከዚያ ያን ባዶ ቦታ እንደገና አየችውና ሳቋ አመለጣት። ጠረጴዛውን አሳምራ ወልውላ ካርዱን እንደነበረው አስቀመጠችው።

ይልቃል ከመቀመጡ «እትዬ ብሪቱ፣ ድንጋዩን ያነሳሽበትን ቦታ ታስታውሺያለሽ?» አላት።

«አሳምሬ ነው የማስታውሰው። ሩቅ ነው እንጂ አሳይዎታለሁ።»

ነጭ ውሸት ነው። እሷ የምታውቀው ከግቢው አሸዋ ክምር ላይ ማንሳቷን ብቻ ነው። አሸዋው ከየትኛው ወንዝ እንደተጫነ አታውቅም፤ ያመጣውም ሹፌር ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ዕቅዷ ግን ቀላል ነበር፦ ሱለይማን የአሸዋውን መኪና እስኪያፈላልግላት ድረስ ይልቃልን ማዞር፣ እግረ መንገዷንም ያን ካርድ በገዛ እጁ እስኪቀደው ድረስ ማልፋት። ሱለይማን ነገሩን ስትነግረው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ብሔሩ በርታ ነው፣ የአሶሳ ልጅ ነው፣ ጨዋታ ከምግብ ያስበልጣል። «ወላሂ፣ እንኳን እሱን የመኪናውንም ጎማ እናዞርልሻለን» አላት።

በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ባምባሲ ወሰደችው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ አክስቷ የሚኖሩት እዚያው ነው። ይልቃል ከአክስቷ ቤት ጀርባ ባለው ጅረት ዳር ፀሐይ አናቱን እየጠበሰው የተገኘውን ድንጋይ ሁሉ ሲፈልጥ ዋለ፤ አክስቷ ሃያ ዓመት ልብስ ያጠቡበትን ድንጋይ ጭምር ፈለጠው። ብሪቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ከአክስቷ ጋር የዘመድ ወሬ ጨረሰች። ሲመለሱ መኪናው ላይ አንድ ኩንታል ማንጎ ነበር።

«ይሄ አይደለም መሰለኝ» አለች መንገድ ላይ። «ዛፉ ተመሳስሎብኝ ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ወንዝ ሄዱ። ይልቃል ያነሳውን ድንጋይ ሁሉ እያጠበ ይልስ ጀመር። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ተመለከቱት። አንዷ ብሪቱን ጠጋ ብላ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀቻት። ብሪቱ ፊቷን አኮሳትራ «አምሮት ነው፤ አራተኛ ወሩን ይዟል» አለቻት። ሴትየዋ እየተንከተከተች ሄዳ እርጉዞች ሲያምራቸው የሚቀምሱትን ነጭ አፈር በቅጠል ጠቅልላ አመጣችለት። ይልቃል አክብሮ ተቀበላት። ናሙና መስሎት በከረጢት አድርጎ ቁጥር ጻፈበት።

በሦስተኛው ሳምንት ጉድ ፈላ። ይልቃል ራሱ ከአንድ ኮረብታ ሥር ሮዝ ድንጋይ አገኘ፤ ያውም ሊሸከሙት የሚከብድ። ደስታው ሰንጢውንም አሲዱንም አስረሳው። አቅፎ መኪና ላይ ጫነው፣ አሶሳ ሲደርስ አቶ ዲማ ጠረጴዛ ላይ አኖረው፣ አቶ ዲማም ወዲያው ስብሰባ ጠሩ። «ይህ ለክልላችን ታሪካዊ ቀን ነው» ብለው ጀመሩ።

ብሪቱ በር ላይ ቆማ ድንጋዩን አንድ ጊዜ አየችው። ላዩ ላይ ጥቁር ነገር የለበትም። ለመጠኑም ክብደቱ እንደዚያኛው አይደለም፣ ሱለይማን ሲያወርደው አይታለች። ይሄ ድንጋይ አዲስ አበባ ከሄደ ካርዱ ከነስሙ አብሮ ሊሄድ ነው። ሻዩን ይዛ ገባች። ትሪዋ ላይ ሎሚና ቢላዋ አለ። የምታስቀምጥበት ቦታ ያጣች መስላ ሎሚውን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ትቆራርጠው ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ይልቃል ብድግ ብሎ።

«ሎሚ ለአቶ ዲማ ነዋ።»

ቢላዋው ድንጋዩን ጭርር አድርጎ ጫረው፤ ነጭ ዱቄት ወጣ። የሎሚው ውሃ ዱቄቱ ላይ ሲፈስ ትንንሽ አረፋ እያወጣ ትስስስ አለ። አቶ ዲማ ንግግራቸውን አቋርጠው አጎነበሱ።

«ይልቃል፣ ታሪካዊው ድንጋይ ይፈላል እንዴ?»

ይልቃል ክው አለ። እብነ በረድ ነበር፤ አንድ ተራራ ሙሉ ያለ ተራ እብነ በረድ። በቢላዋ የሚጫር፣ በሎሚ የሚፈላ። ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን የሚማሩትን ነገር ሻይ አቅራቢዋ አሳየችው። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት መጣና በር ላይ ቆመ። ከደረት ኪሱ አዲስ ካርድ አወጣ። «እትዬ ብሪቱ፣ ይሄ ያለኝ የመጨረሻ ካርድ ነው። የአንቺ ስም ይጻፍበታል፣ እምላለሁ። ዶክተሯ ከነገ ወዲያ ይደርሳሉ። በእግዚአብሔር፣ ትክክለኛውን ቦታ አሳዪኝ።» የፊተኛውን ካርድ ነገር አላነሳም፤ የምታውቅ አልመሰለውማ። እሷም አላነሳችበትም።

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አሁን ግን ቦታውን ማሳየት አለባት፤ ቦታውን ደግሞ አታውቀውም። እየሮጠች ሱለይማን ዘንድ ሄደች። ሱለይማን ጎማ ሥር ተጋድሞ ነበር፤ እዚያው ሆኖ ጣቱን አወዛወዘላት። የአሸዋውን ሹፌር ጋራዥ አግኝቶታል። አሸዋው የተጫነው በሸርቆሌ መንገድ ከሚገኝ ወንዝ፣ ሴቶች ወርቅ ከሚያጥቡበት ቦታ ነው።

በማግሥቱ ማልደው ሄዱ። ወንዙ ውስጥ አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት እስከ ጉልበቷ ቆማ የእንጨት ገበቴ ታዞራለች። ኢንዓም ትባላለች። ሱለይማን በበርትኛ ሰላምታ ሲያቀርብላት ለእንግዶቹ ብላ በተሰባበረ አማርኛ መለሰች። ብሪቱ የነጭ ሽንኩርቷን ድንጋይ ግማሽ አሳየቻት። ኢንዓም ተቀብላ መዘነችውና ሳቀች።

«ይሄ? ይሄ ሸይጣን ነው። ከባድ ነው አይደለም? አሸዋ ይሄዳል፣ እሱ ገበቴ ላይ ቁጭ ይላል። ወርቅ ነው ስትል፣ እሱ ነው። እኔ ሃያ ዓመት ከወንዝ ያወጣል፣ ይጥላል።»

«የሚመጣበትን ቦታ ያውቁታል?» አለ ይልቃል።

«እናቱ ያለበት? ያውቃል።»

ይልቃል እዚህ ላይ አፉን ቢዘጋ ጥሩ ነበር። ግን ደስ ሲለው ማስተማር ይወዳል። ስለ ማኅደሩ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ካርዱ፣ መቶ ዓመት ስለሚኖረው የሰብሳቢ ስም አንድም ሳያስቀር ነገራት። ብሪቱ ሆን ብላ ሳለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ በኋላም እግሩን ረገጠችው። ረፍዷል።

ኢንዓም ገበቴውን ማዞር አቆመች። «ስም ይጻፋል? የሰበሰበ ሰው?»

«አዎ» አለ ይልቃል።

«ማን ነው የሰበሰበ?»

ብሪቱ ይልቃልን አየች፤ ይልቃል ደግሞ ካርዱን።

«እንግዲህ» አለች ኢንዓም፣ «መጀመሪያ የእኔ ስም ይጻፍ። ከዚያ ቦታ ያሳያል። እሱ ግን አይጽፍም» ብላ በአገጯ ወደ ይልቃል ጠቆመች፤ «እሱ ዓይኑ ይሮጣል።» ከዚያ ወደ ብሪቱ ዞረች። «አንተ ጻፍ።»

ይልቃል ካርዱንና እስክሪብቶውን ለብሪቱ ሰጣት። ኢንዓም እጇን ልትታጠብ ጥቂት ራቅ አለች።

ብሪቱ ካርዱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው። ሰብሳቢ ከሚለው ቀጥሎ ያለው መስመር አጭር ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። አንድ ወር ሙሉ ለዚህ መስመር ስትዋሽ፣ ስታዞርና ሰው ስታለፋ ከርማለች። አሁን እጇ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር የራሷን ስም ለመጻፍ ጣቷን እየበላት ነበር። እሷም እኮ አንስታዋለች! ድንጋዩን ከአሸዋ ያወጣው ማን ነው? የሰበረውስ ማን ነው?

ይልቃል ጎኗ ቁጢጥ አለ። ሹክ አላት፦ «የራስሽን ጻፊ እንጂ። ምን ታውቃለች? አታነብም እኮ።»

ብሪቱ ቀና ብላ አየችው። ሳቅም ቁጣም ፊቷ ላይ አልነበረም።

«እኔስ መቼ አነብ ነበር?» አለችው። «ያን የመጀመሪያውን ካርድ ጽፈህ ጠረጴዛህ ላይ ስታስቀምጥ፣ እኔስ መቼ አነብ ነበር?»

ሦስት ዓመት እርስዎ ስትለው ኖራ አንተ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ይልቃል ቆሌው ተገፈፈ። ተነስቶ ለጊዜው የማያስፈልገውን መዶሻ ከመኪናው ሊያመጣ ሄደ።

«የአባትሽን ስም ማን ልበል?» ብላ ብሪቱ ወደ ወንዙ ጮኸች።

«ሐሚድ!»

ቀስ ብላ፣ ፊደሎቹን እያሳመረች ጻፈችው። ኢንዓም ሐሚድ። ደስ ብሏት ነው የጻፈችው ቢባል ውሸት ይሆናል። ጨርሳ ስትሰጣት ኢንዓም ካርዱን በእርጥብ ጣቷ ጫፍ ይዛ ወደ ፀሐይ አነሳችው፣ ትንሽም አየችው፣ ከዚያም ለሱለይማን አቀበለችው። «አንብብ።»

ሱለይማን ጮክ ብሎ አነበበ። ኢንዓም ሲነበብ የምታየው ካርዱን ሳይሆን ብሪቱን ነበር።

«ጎበዝ» አለች። «እሱ ሲያወራ ይሰማል እኔ። ጆሮ እኮ ይሠራል።» ቀሚሷን ሰብስባ ከውሃው ወጣች፤ ሁሉም ተከተሏት። ከወንዙ በላይ፣ እሾህ ከለበሰው ገደል ሥር፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር መስመር ዓለቱን አቋርጦ ይሄዳል። ይልቃል በመዶሻው መታው። ተሰነጠቀ፤ ውስጡ ሮዝ ነበር። ኀፍረቱን ረስቶ ምላሱን ሊያወጣ ሲል ኢንዓም ቀድማ «ምሳ አልበላም ነው?» ብላ ብሪቱን ጠየቀቻት፤ ብሪቱም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

ዶክተር ሎዛ በቀጠሯቸው ደረሱ። ድንጋዩን አገላብጠው፣ በአጉሊ መነጽር አይተው፣ ጭረው፣ አሲድ አንጠባጥበው ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ካርዱን አነሱ።

«በጣም ጥሩ ናሙና ነው። ቦታውም በትክክል ተመዝግቧል።» መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ኢንዓም ሐሚድ። ይህቺን ባለሙያችሁን ላገኛት እፈልጋለሁ፤ የት ናት?»

ይልቃል ጫማውን ማየት ጀመረ። አቶ ዲማ ያን ስም ሰምተውት አያውቁም። ግን በመሥሪያ ቤታቸው የማያውቁት ሠራተኛ አለ ብለው ከአዲስ አበባ በመጣ እንግዳ ፊት የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ደረታቸውን ነፉ።

«በመስክ ሥራ ላይ ናት» አሉ።

ብሪቱ ትሪውን ይዛ በር ላይ ነበረች። ብርጭቆዎቹ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ሻዩን እንዳትደፋው ጀርባዋን ሰጥታ ወጣች፤ ግቢው ውስጥ አፏን በነጠላዋ አፍና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አቶ ዲማ አልዋሹም። በዚያች ሰዓት ኢንዓም ወንዙ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ቆማ ገበቴዋን ታዞር ነበር።